ለአዲሱ ዓመት ስድስት የእጅ ሰዓት ተመኝቻለሁ፤ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 36 ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በሥራ ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ኡበር እሠራለሁ።

የእጅ ሰዓት በጣም እወዳለሁ። አሁን አምስት አሉኝ፤ ሁለት ሲኮ ፋይቭ፣ አንድ ጂ-ሾክ፣ አንድ ኦሪየንት ባምቢኖና አንድ ሙንስዋች። ለአዲሱ ዓመት ደግሞ ስድስት ሰዓት ተመኝቼ ስልኬ ላይ ጽፌ ይዣለሁ፤ ቀይና ሰማያዊ ቀለበት ያለው ሮሌክስ ጂኤምቲ ማስተር፣ ኦሜጋ ስፒድማስተር፣ ቱዶር ብላክ ቤይ 58፣ አረንጓዴው ሲኮ አልፒኒስት፣ ቲሶ ፒአርኤክስ እና ኢንተርኔት ላይ በርካሽ ያገኘሁት የ1960ዎቹ አሮጌ ኦሜጋ።

ሮሌክሱን የፈለግኩት የሁለት አገር ሰዓት ስለሚያሳይ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ጋ በየቀኑ እደውላለሁ። ደግሞም የሠፈር ልጆች ሲያዩት ሰው እንደሆንኩ ያውቃሉ። ስፒድማስተሩ የተለየ ነው። ጨረቃ ላይ ስለሄደው ሰዓት መጀመሪያ የሰማሁት 7ኛ ክፍል እያለሁ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ፎቶውን ሳይ እቆማለሁ። ባትሪ የለውም፤ ጠዋት ጠዋት በእጅ ነው የሚሞላው። ሱቅ ገብቼ ሞክሬዋለሁ። ሦስቱን ትንንሽ ክቦች፣ ጥቁሩን ገጽ፣ ቁልፉ ሲጫን የሚሰማውን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ኅዳር ላይ የ8,000 ዶላር ዕቁብ ይደርሰናል። ከባለቤቴ ጋር እኩል ነው የምንጥለው። እሷ ገንዘቡ ለጥምቀት ሦስታችንም አገር ቤት ለመሄጃ ይሁን ትላለች። እኔ ሰዓት ኢንቨስትመንት ነው፣ የጃንሆይ ሰዓት እንኳ በሚሊዮን ተሸጧል ብዬ ተከራከርኳት። «ስልክ ይዘህ ሰዓት ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ተኳርፈናል። የቱን ልግዛ? በምን ቅደም ተከተል? እሷንስ እንዴት ላሳምናት? በቆዳ ማሰሪያ ይሻላል ወይስ በብረት?

ሰዓት ወዳዱ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም ሰው ሳገኝ ዓይኔ ቀድሞ እጁ ላይ የሚያርፍ ሰው ስለሆንኩ ምን እንደሚሰማህ በደንብ ይገባኛል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናወራለን። ዕቁቡ ለጥምቀት ጉዞ ይሁን። በዓመቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ግዛ፤ እሱም ስፒድማስተሩ ነው። ያገለገለ ግዛ፤ ገንዘቡን ከቅዳሜና እሁድ ሥራህ ለብቻው አጠራቅም። ሮሌክሱን ከዝርዝርህ ሰርዘው። የቀሩት ይቆዩ፤ የትም አይሄዱም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። «ኢንቨስትመንት» የሚለውን ክርክር ተወው። ከደብዳቤህ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሰዓት የምትገዛው ስለምትወደው ነው። አንድም ቦታ ላይ «ገዝቼ፣ አቆይቼ እሸጠዋለሁ» አላልክም። ባለቤትህም ይህን ታውቃለች። አምስት ሰዓት ስትገዛ አይታለች፤ አንዱንም ስትሸጥ አላየችህም። ስለዚህ ኢንቨስትመንት ስትላት የምትሰማው ነገር አንድ ነው፤ እውነቱን እየነገርካት አይደለም። የተኳረፋችሁት በሰዓቱ ምክንያት አይመስለኝም። በዚህ ነው።

የጃንሆይ ሰዓት ነገር እውነት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ አንድ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በ2015 ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ በተባለው አጫራች በኩል ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። የባለቤትነት ጥያቄ ተነሳና ከጨረታው ወጣ። በ2017 እንደገና ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ደግሞ ተዋናዩ ፖል ኒውማን ያደርገው የነበረ ሮሌክስ ዴይቶና ኒውዮርክ ላይ 17.75 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሰው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው ግን ለማን እጅ ነው? አንዱ የንጉሠ ነገሥት እጅ ላይ የነበረ፣ በጣም ጥቂት ከተሠሩት ዓይነቶች አንዱ ነው። ሌላው የዓለም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ተዋናይ እጅ ላይ የዋለ ነው። እኔና አንተ ከሱቅ የምንገዛው ሰዓት የእኛ እጅ ላይ ነው የሚውለው።

ሱቅ የሚሸጡትን እንኳ ብናይ ታሪኩ ሌላ ነው። ፓቴክ ፊሊፕ ኖቲለስ 5711 የሚባለውን የብረት ሰዓቱን በ2021 ማምረት እንደሚያቆም አሳወቀ። የሱቅ ዋጋው 35 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ላይ ገበያው ውስጥ ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ይጠራ ጀመር። ሰዎች ያን ጊዜ ሮጠው ገዙ። የሚወዱትም የማይወዱትም ገዙ። ዓመቱ ሳያልቅ የኖቲለሱም፣ የሮሌክሱም፣ የሌሎቹም ዋጋ ወረደ። ከላይ ሆነው የገዙ ብዙዎች ከሰሩ። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። በዝርዝርህ ላይ ካሉት ስድስቱ ውስጥ አብዛኞቹ ከሱቅ በወጡ ማግሥት ዋጋቸው የሚቀንስ ናቸው። ለሚወድ ሰው ይህ ምንም ችግር የለውም። ለነጋዴ ግን ኪሳራ ነው።

እና ባለቤትህን «እንዴት ላሳምናት» አልክ። አታሳምናት። እውነቱን ንገራት። «ይህን ሰዓት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ትርፍ የለውም፤ ከዕቁቡ ሳይሆን ራሴ አጠራቅሜ በዓመቱ ውስጥ ልገዛው ነው የምፈልገው፤ ምን ይመስልሻል?» በላት። ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጣት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠቁምህ። አንተ የእናትህን ሰዓት የሚያሳይ ሰዓት ትፈልጋለህ። ባለቤትህ ደግሞ ገንዘቡን አንተንም ልጅህንም ይዛ እናትህ ያለችበት አገር ለመሄድ ትፈልገዋለች። ልጁ አያቱን ያያል ማለት ነው። ለጥምቀት ሰሞን የሦስት ሰው ትኬት ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከዕቁቡ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ይውሰድ። ቀኑ ሲቃረብ ስለሚወደድ ዕቁቡን አትጠብቁ፤ ከቻላችሁ ከወዲሁ ቁረጡ።

«ስልክ ይዘህ ሰዓት ምን ያደርግልሃል?» ላለችህም መልስ አለ፤ ጥያቄዋ ግን ትክክል ነው። ይህ ጥያቄ ከ1969 ጀምሮ ሲጠየቅ ኖሯል። በዚያ ዓመት የገና ዕለት ሲኮ አስትሮን የሚባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለገበያ አቀረበ። በኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ያለችው ትንሽ ድንጋይ በባትሪ ኃይል ትርገበገባለች፤ ዛሬ በብዙዎቹ ውስጥ ያለችው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ነው። ለዚህ ነው የ20 ዶላር ካሲዮ በወር ውስጥ የሚያዛንፈው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ብቻ የሚሆነው። አንተ የምትመኘው ስፒድማስተር በቀን ጥቂት ሰከንድ ያዛንፋል። ኳርትዝ ሲመጣ የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪ ሠፈሮች ባዶ ሊቀሩ ደርሰው ነበር። በ1970 ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ የነበረው ኢንዱስትሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተረፈው በማሽኑ ፍቅር ነው። ሰው ሰዓት ለማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ ያለ ባትሪ የሚሄድን የረቀቀ የእጅ ሥራ ለመያዝ መግዛት ጀመረ። ለባለቤትህ ይህንን ንገራት። ሰዓት ለማወቅ ስልክ ይበቃል። አንተ የወደድከው ሌላውን ነው።

ወደ ሮሌክሱ ልምጣ። ጂኤምቲ ማስተር ታላቅ ሰዓት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ለፓን አም አየር መንገድ አብራሪዎች የተሠራ ነው። አንድ ተጨማሪ ቆጣሪ አለው፤ በቀን አንዴ ብቻ ትዞራለች፤ ዳር ላይ ባለው የ24 ሰዓት ቀለበት የሌላ አገር ሰዓት ታሳያለች። ቀዩ የቀኑ፣ ሰማያዊው የሌሊቱ ክፍል ነው። አትላንቲክን ለሚያቋርጥ አብራሪ ትልቅ ነገር ነበር።

አንተ ግን የምትደውለው አዲስ አበባ ነው፣ ያውም በእኛ አቆጣጠር ሰዓት ለምትቆጥር እናት። እስቲ አብረን እናስላው። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ አዲስ አበባ ከሜሪላንድ 7 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። 7 ሲቀነስ 6፣ አንድ። ስለዚህ አንተ እጅ ላይ ጠዋት 9 ካለ፣ እናትህ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። አለቀ። አንድ ጨምር ብቻ። ክረምቱ ሲገባና አሜሪካ ሰዓቷን ስትመልስ ልዩነቱ 8 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሁለት ትጨምራለህ። ጠዋት 9 ካለህ እሷ ጋ 11 ሰዓት ነው። ቀንና ሌሊቱም አያስቸግርህም። የአንተ ጠዋት የእሷ ቀን ነው፤ የአንተ ከሰዓት በኋላና ማታ የእሷ ሌሊት ነው። ከሥራ ወጥተህ 6 ሰዓት ላይ ብትደውል እሷ ጋ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ነው፤ አትቀስቅሳት።

ይህን ሒሳብ ደግመህ ሞክረው። እኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዓለም ላይ ስንት ሰው ስልኩን አውጥቶ የሁለት አገር ሰዓት ሲፈልግ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ አበሻ የገዛ እጁ ላይ ያለውን ተራ ሰዓት አይቶ አንድ ወይም ሁለት መጨመር ብቻ ይበቃዋል። ያንተ ሲኮ ፋይቭም፣ ጂ-ሾክም ይህን ይሠሩልሃል። ለዚህ ሥራ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ መክፈል አያስፈልግህም።

«አይ፣ ተጨማሪዋን ቆጣሪ ማየት ደስ ይለኛል» ካልክም የተሻለ አለልህ። ሲኮ በ2022 የሲኮ ፋይቭ ስፖርትስ ጂኤምቲ አወጣ። ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በእሱና በሮሌክሱ መሀል አንድ የአሠራር ልዩነት አለ፤ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚያውቀው። ሮሌክሱ ላይ ለብቻው እየዘለለ የሚስተካከለው ያለህበት አገር ሰዓት ነው። አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው የተመቸ ነው። ሲኮው ላይ ለብቻዋ የምትስተካከለው የሩቁ አገር ቆጣሪ ናት። አንድ ቦታ ተቀምጦ ወደ ሩቅ ለሚደውል ሰው የተመቸ ነው። አንተ ደዋይ ነህ።

ሌላም ችግር አለ። ብረቱን ጂኤምቲ ሱቅ ገብተህ «ስጡኝ» ብትል አይሰጡህም። ብዙ ሱቅ መስኮት ላይ ያለው ሮሌክስ ለዕይታ ብቻ የተቀመጠ ነው። ስምህን ያስመዘግቡሃል፤ ትጠብቃለህ። አንዳንድ ሻጭ ሌላ ጌጣጌጥ ብትገዛ ቶሎ እንደሚደርስህ በጎን ይጠቁምሃል። ለዚህ ብለህ የማትፈልገውን ዕቃ እንዳትገዛ። ሳትጠብቅ ከሌላ ነጋዴ ልግዛ ካልክ ደግሞ ከሱቁ ዋጋ በላይ ትከፍላለህ። ቅዳሜ ሌሊት የማታውቀውን ሰው መኪናህ ውስጥ አስገብተህ ስትነዳ እንዲህ ያለ ሰዓት እጅህ ላይ እንዲኖር ደግሞ እኔ አልፈልግም።

ስለ ሠፈር ልጆች ያልከውን ግን አልናቅኩትም። ባዕድ አገር ሁለት ሥራ እየሠራህ ልጅ ታሳድጋለህ። ልፋትህን ሰው ቢያየው መፈለግህ ያለ ነው። ግን ደብዳቤህን እንደገና አንብበው። ስለ ሮሌክሱ የጻፍከው ስለ ሰዎች ነው። ስለ ሰዓቱ የጠቀስከው ቀለሙንና የሁለት አገር ሰዓት ማሳየቱን ብቻ ነው። ስፒድማስተሩ ላይ ስትደርስ ግን ስለ ገጹ፣ ስለ ክቦቹ፣ ስለ ቁልፉ ድምፅ ጻፍክ። የትኛውን እንደምትወድ ራስህ ነግረኸኛል።

እሱን ደግሞ መውደድ ይገባዋል። ስፒድማስተር በ1957 ሲወጣ ለመኪና እሽቅድምድም የታሰበ ሰዓት ነበር። በ1960ዎቹ ናሳ ለጠፈርተኞቹ የሚሆን ክሮኖግራፍ (ቁልፍ እየተጫነ ጊዜ የሚለካበት ሰዓት) ሲፈልግ የኦሜጋን፣ የሮሌክስንና የሎንጂን-ዊትናወርን ሰዓቶች ፈተነ። እስከ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞቃቸው፤ አቀዘቀዛቸው፤ አየር በሌለበት አስቀመጣቸው፤ አንቀጠቀጣቸው፤ መታቸው። ፈተናውን ያለፈው የኦሜጋው ብቻ ነበር። በመጋቢት 1965 ጸደቀ። በሐምሌ 1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ኒል አርምስትሮንግ የራሱን ሰዓት መንኮራኩሯ ውስጥ ትቶት ወረደ፤ የመንኮራኩሯ የጊዜ መቁጠሪያ ስለተበላሸ ምትክ እንዲሆን ነበር። ስለዚህ ጨረቃ ላይ መጀመሪያ የተደረገው ሰዓት የበዝ አልድሪን ነው።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የአፖሎ 13ን ታሪክ ነው። ሚያዝያ 1970 ላይ የኦክስጅን ታንክ ፈነዳ። ሰዎቹ ኃይል ለመቆጠብ አብዛኛውን መሣሪያ አጠፉ። ወደ ምድር የሚመለሱበትን መንገድ ለማስተካከል ሞተሩን ለ14 ሰከንድ ያህል ብቻ ማንደድ ነበረባቸው። ያን 14 ሰከንድ ጃክ ስዊገርት የቆጠረው እጁ ላይ በነበረው ስፒድማስተር ነው። ያንተ ቁልፍ ሲጫን የሚሰጠው ድምፅ ያ ነው።

ከዚህ ሰዓት ጋር የሚሄድ ሌላ መልካም ነገር አለ። ቀን የሚያሳይ መስኮት የለውም። ለእኛ ይህ ዕረፍት ነው። ቀን ያለው ሰዓት እስከ 31 ይቆጥራል። የእኛ ወር 30 ነው፤ ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ናት። ቀኑን በሐበሻ አቆጣጠር ልሙላ ያለ ሰው በየወሩ ሲያስተካክል ይኖራል።

ልኩንም ፈትነኸዋል። ሙንስዋችህ ቅርጹም ስፋቱም የተወሰደው ከስፒድማስተር ነው፤ ሁለቱም 42 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሙንስዋቹ እጅህ ላይ ካማረ ስፒድማስተሩም ያምራል። ክብደቱ ብቻ ይለያል። ሙንስዋቹን አትሽጠው፤ ለቅዳሜና እሁድ ሥራ ይሁንህ። ከሁለቱ ሲኮ ፋይቭ አንዱን ግን ሸጠህ ቁጠባህን ልትጀምርበት ትችላለህ።

አዲሱ ስፒድማስተር አሜሪካ ውስጥ ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ውስጡ ያለው ከ2021 ጀምሮ የሚገባለት 3861 የሚባለው ማሽን ነው። መግነጢስ አይነካውም፤ ሲሞላ 50 ሰዓት ይሄዳል። ጥሩ ነው። አንተ ግን ከእሱ በፊት የነበረውን፣ 1861 ማሽን ያለውን ፈልግ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ እስከ 2021 ድረስ ሲሸጥ ስለኖረ ገበያው ላይ በብዛት አለ። ከአዲሱም ረከስ ብሎ ይገኛል። ማሽኑን የሚያውቅ ሠሪም ብዙ ነው። መስታወቱ ሄዛላይት የሚባለው ፕላስቲክ የሆነውን ምረጥ። ጠፈርተኞቹ ያደረጉት እሱን ነው፤ ሲመታ አይፈረካከስም። ይጫጫራል፤ ግን ጭረቱ በትንሽ ማወልወያ ቅባት በጨርቅ ቢታሽ ይጠፋል።

ስትገዛ ከሰዓቱ በፊት ሻጩን መርምር። ለዓመታት ሲሸጥ የኖረ፣ ስሙ የታወቀ፣ «ካልወደድከው መልስ» የሚል ይሁን። ማጉያ መነጽር ያዝ። በሄዛላይቱ መስታወት መሀል ላይ በጣም ትንሽ የኦሜጋ ምልክት ተቀርጻለች፤ በብርሃን አዘንብለህ ፈልጋት። ከሌለች ወይ መስታወቱ ተቀይሯል፣ ወይ ሰዓቱ ኮፒ ነው። የላይኛውን ቁልፍ ተጫን፤ ረጅሟ ቆጣሪ ወዲያው መነሳት አለባት። አቁማት። የታችኛውን ስትጫን በትክክል 12 ላይ መመለስ አለባት፤ በቀኝና በታች ባሉት ትንንሽ ክቦች ላይ ያሉትም ልክ ቦታቸው መቆም አለባቸው፤ በግራ ያለችው የሰከንድ ቆጣሪ ግን መሄዷን አታቆምም። ወደ ጎን ካዘነበሉ ማሽኑ ሥራ ይፈልጋል። የማሰሪያው መያዣ የሆኑትን አራቱን ቀንዶች እይ። ጠርዛቸው ስል ሆኖ የተጠማዘዘ መሆን አለበት። ከደነዘዙ ብዙ ጊዜ ተወልውለዋል ማለት ነው፤ ያ ብረት አይመለስም።

የመጨረሻው ጥገና መቼ እንደተደረገ በደረሰኝ ጠይቅ። በየ5 ዓመቱ ወይም ትንሽ ቆይቶ መፈታት፣ መታጠብና ዘይት መቀባት አለበት። ክሮኖግራፍ ስለሆነ ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣል። ደረሰኝ ከሌለው ያን ገንዘብ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ከገዛህ በኋላ በየጠዋቱ ሙላው፤ ሲጠብቅብህ አቁም፣ አትታገለው። ዝናብና እጅ መታጠብ አይጎዳውም። ዋና ግን አታስገባው፤ እርጥብ ሆኖ ቁልፎቹን አትጫን።

ስለ ቀሩት ባጭሩ። ቱዶር ብላክ ቤይ 58 በጣም የማከብረው ሰዓት ነው። በ2018 ወጣ፣ 39 ሚሊ ሜትር ነው፣ 200 ሜትር ውኃ ይችላል፣ ማሽኑ 70 ሰዓት ይሄዳል። በየቀኑ መሙላት አይሆንልኝም ካልክ በስፒድማስተሩ ምትክ እሱን ብትገዛ አልቃወምህም። ሁለቱን በአንድ ዓመት ግን አይሆንም። አልፒኒስቱ ያምራል፤ አረንጓዴው ገጽ በወርቃማ ቆጣሪዎቹ ፀሐይ ላይ ልዩ ነው። ሲኮ ግን አለህ። ፒአርኤክስ ለዋጋው ጥሩ ነው፤ ማሰሪያው ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ልብህ ማሰሪያ መቀያየር እንደማትችል ብቻ እወቅ።

ያ ኢንተርኔት ላይ ያየኸው አሮጌ ኦሜጋ ግን አሳስቦኛል። የ60 ዓመት ሰዓት ገጹ አዲስ መስሎ ዋጋው ርካሽ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ገጹ እንደገና የተቀባ ነው። ፊደሎቹን አጉልተህ እይ፤ የተዛነፉ ወይም የወፈሩ ከሆነ ተወው። የማሽኑን ፎቶ ጠይቅ። አንዳንዱ አካሉ ከአንድ ሰዓት፣ ማሽኑ ከሌላ፣ ቆጣሪዎቹ ከሦስተኛ የተለቃቀሙ ናቸው። የማሽኑን ፎቶ አልልክም የሚል ሻጭ ጋ አትከራከር፤ ዝጋው። ሌላው ደግሞ ከ1960ዎቹና ከዚያ በፊት የነበሩ አንዳንድ ሰዓቶች ገጻቸው ጨለማ ውስጥ እንዲያበራ የተቀባው ራዲየም ነው። ጨረር አለው። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት እየፈቱ ማየት አይገባም። አሮጌ ሰዓት መግዛት የሚያስደስት ነገር ነው፤ ግን ዓይንህ ከለመደ በኋላ፣ ሰዓቱን ይዘህ ማየት የምትችልበት ሱቅ ውስጥ ይሁን።

ማሰሪያውን በተመለከተ፣ በብረቱ ግዛው። ኦሜጋ የብረት ማሰሪያውን ለብቻ ሲሸጥ ውድ ነው፤ በቆዳ ገዝተህ በኋላ ብረቱ ቢያምርህ ብዙ ትከፍላለህ። ቆዳ ግን በማንኛውም ጊዜ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ስትገዛ 20 ሚሊ ሜትር በል፤ የስፒድማስተሩ ልክ እሱ ነው። በበጋ ላብ ቆዳውን ቶሎ ያበላሸዋል፤ ብረቱን ለበጋ፣ ቆዳውን ለብርድ አድርገው። ትንሿን የማሰሪያ መፍቻ አብረህ ግዛ። ስትፈታ ቀንዶቹን እንዳትጭር ጀርባቸው ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፍ።

ከባለቤትህ ጋር ተነጋግራችሁ ያለችህን ጻፍልኝ። ሰዓቱን ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ሻጩ የላከልህን ፎቶ ብትልክልኝ አብረን እናየዋለን።